«የተጣራ ውሃ አምጣ» ተባልኩ፣ የተጣራ ውሃ አመጣሁ፣ ጉድ ፈላ

የኮቺው ጀማሪ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጅማ ነኝ። ከአራት ወር በፊት የውሃ ናሙና የሚመረመርበት አንድ ላብ ውስጥ በረዳትነት ተቀጥሬያለሁ። የትኛው እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ እንጀራዬ ነው። ኬሚስትሪ ተምሬያለሁ፣ ወረቀቱም አለኝ፣ ግን እንዳትስቁብኝ፣ እስክቀጠር ድረስ ቡሬትን፣ ፈሳሽ እየለካ ከታች ጠብ ጠብ የሚያደርገውን የመስታወት ቱቦ፣ የማውቀው መጽሐፍ ላይ ካለ ሥዕል ነው። በእጄ ስይዘው ካሰብኩት በላይ ረጅም ሆኖ አገኘሁት።

ያለፈው ሳምንት ጉዴን ልንገራችሁ። ውሃ ውስጥ ያለውን ክሎራይድ የምንለካበት ሲልቨር ናይትሬት፣ የብር ጨው ማለት ነው፣ አልቆ አዲስ እየተዘጋጀ ነበር። አለቃዬ መዝና ብልቃጥ ውስጥ ከታ ስታበቃ ዓይኗን ከመዝገቡ ሳታነሳ «እስቲ የተጣራ ውሃ አምጣልኝ» አለችኝ። የተጣራ ውሃ። ጥግ ላይ የምንጠጣበት ማጣሪያ አለ። ቤታችንም እንደዚያው ዓይነት አለ፣ እናቴ በየማታው ትሞላዋለች። በሕይወቴ «የተጣራ ውሃ» ሲባል የማውቀው እሱን ብቻ ነው። ቢከሩን አጥቤ፣ ሞልቼ ሰጠኋት፣ እንዲያውም ስለ ንጽሕናዬ ልመሰገን ሁሉ እየጠበቅኩ። ጨመረችው። ብልቃጡ መጀመሪያ ጭጋግ ለበሰ፣ ከዚያ ውስጡ እንደ ሩዝ ውሃ ነጣ።

«ይሄ ከየት ነው?» አለች። በጣቴ አሳየኋት። ከዚያ በኋላ ያለችኝን ልተወው።

ለካ የሷ «የተጣራ» ዲስቲልድ ነው፣ ፈልቶ እንፋሎቱ ተይዞ የቀዘቀዘው ውሃ! ማጣሪያው ጭቃውን ይይዛል እንጂ ውሃው ውስጥ የሟሟውን ጨው አያስቀርም፣ ክሎራይዱ ከሲልቨሩ ጋር ተገናኝቶ ነጭ ዝቃጭ ሆነ። ይሄንን ፈተና ላይ ብትጠይቁኝ አሳምሬ እጽፈው ነበር። ብር ነው የደፋሁት፣ በሁለቱም ትርጉሙ። በዚህ ላይ ደንግጬ ያለ ጓንት ሳጸዳ ጣቶቼን ነካኝ፣ በማግስቱ ጠቆሩ፣ እናቴ «እንሶስላ መቀባት ጀመርክ እንዴ?» ትለኛለች።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይሄ ነው። ላብ የምትሠሩ ሰዎች እርስ በርስ ስታወሩ ምን ምን እያላችሁ ነው የምትግባቡት? እኔ አያቴ ጋ ኦሮምኛ፣ ቤትና ሰፈር አማርኛ፣ ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ ሆኖ ነው ያደግኩት፣ ሥራ ላይ ሦስቱም አንድ ላይ ይመጡብኛል። አንዱ «አፍስሰው» ይለኛል፣ ልጨምረው ነው ልድፋው? ሌላው «ቡሬቱን እጠበው» ይላል፣ አጥቤ ስመጣ «በምን አጠብከው?» ይላል። የቃላት ዝርዝር ያለው ሰው ካለ ይተባበረኝ።

ሞል በሊትር፦

ብሮ ራስህን አታድክም። እንግሊዝኛውን ሸምድድና ገላገል በል። ቢከር ቢከር ነው፣ ፒፔት ፒፔት ነው። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው በእንግሊዝኛ፣ መመሪያው በእንግሊዝኛ፣ ሪፖርቱም በእንግሊዝኛ። «የመሳቢያ ቀጭን ብርጭቆ» ምናምን ማለት ከጀመርክ ማን ይሰማሃል? አማርኛውን ለቡና ሰዓት አቆየው። ጥፋቱም ያንተ አይደለም፣ አለቃህ «ዲስቲልድ» ብትል ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ። ሁለተኛ ዓመት ኬሚስትሪ ነኝ፣ ከልምድ ነው የምነግርህ።

ጡረተኛው ቴክኒሻን፦

ልጄ የኮቺው፣ አይዞህ። ዕድሜዬን ብልቃጥ ሳጥብ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ያንተን የሩዝ ውሃ ከአንድ ጊዜ በላይ አይቼዋለሁ፣ አንዱን የሠራሁት ራሴ ነኝ። ጣትህ ይለቃል። ቆዳው ሲታደስ አብሮ ይሄዳል፣ ብቻ በበረኪና እንዳትፈትገው።

ሁለተኛ ዓመቱ ልጅ ግማሽ እውነት አለው፣ በዕቃ ስም አልከራከረውም። ግን እንግሊዝኛ የምትለው እንግሊዝኛ እንኳ አይደለም የኔ ልጅ። ቡሬትና ፒፔት የፈረንሳይ ቃላት ናቸው። ኤርለንማየር ያንን አንገተ ጠባብ ፍላስክ ያመጣው ጀርመናዊ ኬሚስት ነው። ቡንሰን በርነር የምንለው የጋዝ ምድጃም በ1855 አካባቢ ሃይደልበርግ ውስጥ ተሠራ፣ ሐሳቡ የፕሮፌሰር ቡንሰን፣ በእጁ የሠራው ግን የዩኒቨርሲቲው መካኒክ ፔተር ዴሳጋ ነው። ስሙ ለማን እንደቀረ ታያለህ። የቴክኒሻን ዕጣ ያኔም ይሄው ነበር። እንግዲህ እንግሊዞቹ ከሌላ ከወሰዱ እኛም ብንወስድ ምን ነውር አለው፣ ቢከር ቢከር ይባል። ሙቀጫና ዘነዘና እያለ «ሞርታር» ሲሉ ግን ይደንቀኛል። ጉጠትንም እንደዚያው። አንጥረኛው ስም ያወጣለት ዕቃ ነው።

እኔ የምለው ሌላ ነው። ላብ ውስጥ ሰው የሚሳሳተው በስም አይደለም፣ በግስ ነው። ቢከር አምጣ ተብሎ ፍላስክ ያመጣ ሰው ይመለሳል፣ አለቀ። አፍስስ ተብሎ የደፋ ሰው ግን የሦስት ቀን ሥራ ነው ይዞ የሚሄደው። ግሱ ላይ ደግሞ አማርኛ ድሃ አይደለም፣ እኛ ነን ሁሉንም በአንድ ቃል የምንጠራው። «ማጣራት» እንላለን። ፖሊስም ጉዳይ ያጣራል፣ ሂሳብ ሹሙም ሂሳብ ያጣራል፣ ማጣሪያውም ውሃ ያጣራል፣ አለቃህም ዲስቲልድ ውሃን የተጣራ ትላለች። እናቶቻችን እንደዚህ አይቀላቅሉም። ጠጅ ይጠለላል፣ ቅቤ ይነጠራል። ማጥለል ማለት አንድ ነገር በጨርቅ፣ በወንፊት ወይ በወረቀት አልፎ ወፍራሙ ከላይ ሲቀር ነው፣ ፊልትሬሽን የምትሉት እሱ ነው። ማንጠር ግን እሳት ይፈልጋል። ወርቅም የሚነጠረው በእሳት ነው፣ አንጥረኛ የሚለው ስም ከዚያው ነው የመጣው፣ ፈተና ላይ የምትጽፉት «ንጥረ ነገር»ም የዚያው ቤት ልጅ ነው። ስለዚህ እኔ ዲስቲልድ ውሃን «የተነጠረ ውሃ» ነው የምለው። እርግጥ ልክክ አይልም። ቅቤ ስታነጥር ውሃው ተኖ ይሄዳል፣ የምትፈልገው ድስቱ ውስጥ የቀረውን ነው፤ ውሃ ስታነጥር ግን የሄደውን ነው የምትይዘው፣ የቀረውን ጨው ትደፋለህ። ቢሆንም ከማጣሪያው ጋር አያምታታህም፣ ዋናው እሱ ነው።

ዲስቲሌሽን እንዴት እንደሚሠራ ማየት ከፈለግክ ደግሞ አረቄ የምታወጣ እናት ቤት ሂድ። ድፍድፉ እንስራ ውስጥ ነው፣ አፉ ተመርጓል፣ እንፋሎት እንዳያመልጥ። ከላይ መቃ ወጥቶ ዘንበል ብሎ ወደ ሌላ ዕቃ ይገባል፣ ያኛው ዕቃ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፏል። እሳቱን ብታበዛው ድፍድፉ ገንፍሎ መቃው ውስጥ ይገባል፣ ብታሳንሰው አይወጣም፣ ስለዚህ ሴትየዋ ከአጠገቡ አትነሳም፣ እንጨት ትስባለች ትጨምራለች። ዘፍዝፋ ያስቀመጠችበት ውሃ ሲሞቅ ትቀይረዋለች። ላባችሁ ውስጥ በብርጭቆው ቱቦ ዙሪያ የሚዞረው የቧንቧ ውሃ የሷን ሥራ ነው የሚሠራው። አልኮሉ በ78 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ከውሃው ቀድሞ ይወጣል። አንድ ነገር ልጨምር፣ ያስቀኛልና። አረቄ የሚለው ቃል ከዓረብኛ የመጣ ነው፣ ሥሩም እነሱ ዘንድ ላብ ማለት ነው፣ ጠብ ጠብ ስለሚል። እኛ ደግሞ ላቦራቶሪን አሳጥረን «ላብ» አልነው።

አሁን ወደ «አፍስስ» ልምጣ። ይህን ቃል ላብ ውስጥ አትጠቀሙበት፣ ጭቅጭቅ ነው ትርፉ። ወደ ሌላ ዕቃ ከሆነ «ጨምር» ወይ «ገልብጥ» በሉ። ከትልቁ ጠርሙስ ትንሽ ከሆነ «ቅዳ»። ሊጣል ከሆነ «ድፋ»፣ እሱንም የት እንደሚደፋ ጨምሮ፣ ሁሉ ነገር ወደ ቧንቧ አይሄድም። ቀስ ተብሎ በቀጭኑ ከሆነ «አንቆርቁር»። ከቡሬት ከሆነ «ጠብ ጠብ አድርግ»። መጨረሻው አካባቢ ስትደርስ ደግሞ «አንድ ጠብታ» እንጂ «ትንሽ» የሚባል ነገር የለም።

ማጠብና ማለቅለቅም ይለያያሉ። ማጠብ በሳሙናና በብሩሽ ነው። ማለቅለቅ ከታጠበ በኋላ ነው። ቡሬቱን መጨረሻ የምታለቀልቀው በተነጠረ ውሃ ሳይሆን ውስጡ በምትሞላው ራሱ ነው፣ አለበለዚያ ግድግዳው ላይ የቀረው ውሃ ያቀጥንብሃል። «በምን አጠብከው?» ያለህ ሰው ይሄን ነው የጠየቀህ። ናሙናው የሚገባበትን ኮኒካል ፍላስክ፣ ያንን የኤርለንማየሩን፣ ግን በውሃ ብቻ። እሱን በናሙናው ካለቀለቅከው ከለካኸው በላይ ናሙና አስገባህ ማለት ነው። ይሄን እኔ የተማርኩት ተሰድቤ ነው።

ቶና፦

ጋሼ የአረቄዋ ነገር ከአንጀቴ አስቆኝ ነበር፣ አያቴ ናት የመጣችልኝ።

እኔ እዚሁ ጅማ የቡና ጥራት ሥራ ላይ ነኝ፣ ኬሚስትሪው ትንሽ ትንሽ ይነካካኛል። የኮቺው ወንድሜ፣ ዝርዝር ከመሸምደድ በፊት ጀበና አፍልተህ ተመልከት። የምሬን ነው። ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ጠባብ፣ ከእሳት ሲወርድ ጠረጴዛ ላይ ስለማይቆም ማቶት ላይ ይቀመጣል። ላብ ውስጥ ቂጡ ክብ የሆነው ፍላስክ የሚቀመጥበትን የቡሽ ቀለበት አይተሃል አይደል? ማቶት ነው። እኔ «ማቶቱን አቀብለኝ» ስል ነበር፣ አሁን የሥራ ባልደረቦቼ በሙሉ ማቶት ነው የሚሉት፣ አንድ ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ ብቻ ነው ለሁለት ቀን ግራ የገባው። ከዚያ ጀበናው ይረጋል፣ ትጠብቃለህ፣ አተላው ይወርዳል፣ ሳትነቀንቅ ዘንበል አድርገህ ትቀዳለህ። ዲካንቴሽን እሱ ነው። ቸኩለህ ብትቀዳ አተላው ሲኒ ውስጥ ይገባል። አፉ ላይ ውታፍ ካደረግክበት ደግሞ ማጥለል ተጨመረበት።

አቦል፣ ቶና፣ በረካ ደግሞ ኤክስትራክሽን ነው። ከአንድ ቡና ሦስት ጊዜ በአዲስ ውሃ ታወጣለህ። ኬሚስቶቹም የሚሉት እሱኑ ነው፣ ያለህን አሟሚ አንዴ ከማፍሰስ፣ ይቅርታ ጋሼ፣ አንዴ ከመጨመር፣ ከፋፍለህ ደጋግመህ ብታወጣ የበለጠ ይወጣልሃል። ካፌይንን ከቡና ለይቶ ያወጣው ሩንገ የሚባል ጀርመናዊ ነው፣ በ1819። ቡናችን እዚህ፣ ስሙን ያወጡት እዚያ።

ግሱ ላይ የምጨምረው አለኝ። «በጥብጥ» እና «በርዝ» አንድ አይደሉም። በሶ ትበጠብጣለህ፣ ዝም ብለህ ብታስቀምጠው ይወርድብሃል፣ ሳስፔንሽን ነው። ማር በውሃ ስታደርግ ብርዝ ነው፣ እስከ ነገ ብትጠብቀው አይወርድም፣ ሶሉሽን ነው። ወተት በመሃል ነው። ዳይሉሽን ማለትም መበረዝ ነው፣ ለኔ ከዚህ የተሻለ ቃል የለም። አሲድ ትበርዛለህ። ነጋዴ ማር ሲበርዝብህ ምን እንደሚያደርግህ ታውቅ የለ፣ ያው ነው።

ደግሞ ስለ መፍላት። ጋሼ 78 ዲግሪ ያሉት በባሕር ጠለል ላይ ነው። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ ውሃ እዚህ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። አንድ ተለማማጅ ልጅ መጥቶ ነበር፣ ቴርሞሜትሩን በፈላ ውሃ ሞክር አልኩት። ሄደ፣ ቆየ፣ ወረቀቱን አምጥቶ ሰጠኝ፣ 100 ይላል። አብሬው ሄጄ አየሁት፣ ቴርሞሜትሩ 94 ላይ ቆሟል። «ለምን 100 ጻፍክ?» ስለው «የተበላሸ መስሎኝ ነው» አለኝ። ቴርሞሜትሩ ሳይሆን መጽሐፉ ነበር ጅማን የማያውቃት።

ሞል በሊትር፦

እሺ ማቶቷ ተመችታኛለች፣ አልዋሽም። ግን አሁንም የምለው አለኝ። ሰው በአማርኛ ሲያወራ ሳይንሱ ይደበዝዛል። ለምሳሌ አሲድ። እኛ ጋ ሁሉም «ሃይለኛ አሲድ» ነው። ስትሮንግና ኮንሰንትሬትድ ሁለት የተለያየ ነገር ነው፣ አማርኛ ላይ አንድ ሆኑ። ታዲያ እንግሊዝኛው አይሻልም?

ጠመኔ፦

ሞል በሊትር፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው፣ መልሱን ግን ተቻኩለህበታል። ሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ስትሮንግና ኮንሰንትሬትድን በእንግሊዝኛ የሚያምታቱ ልጆች በየዓመቱ አሉኝ፣ ሁለቱንም ቃል አሳምረው ይጽፋሉ፣ ልዩነቱን ጠይቃቸው፣ ፀጥ። እኔ ታዲያ በሻይ ነው የማስረዳቸው። ሻይ ወፍራም ይሆናል፣ ቀጭን ይሆናል። ውሃ ስትጨምርበት ይቀጥናል። ወፍራምና ቀጭን ማለት በአንድ ሊትር ውስጥ ስንት ገባ ነው፣ ኮንሰንትሬትድና ዳይሉት። ብርቱና ደካማ ግን የአሲዱ ጠባይ ነው፣ ውሃ ውስጥ ሲገባ ምን ያህሉ ይበታተናል ነው ነገሩ። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ብታቀጥነውም ብርቱ ነው፣ በሙሉ ይበታተናል። የኮምጣጤው አሲድ ደካማ ነው፣ ጥቂቱ ብቻ ነው የሚበታተነው፣ ግን ውሃ የሌለበትን ወፍራሙን ብትነካው ቆዳህን ይልጠዋል። ወፍራም ደካማ አሲድ አለ፣ ቀጭን ብርቱ አሲድ አለ። ይሄን በአማርኛ ከተረዱት በኋላ እንግሊዝኛው በአንድ ቀን ይገባቸዋል።

ጡረተኛው ጋሼ ያሉት የግሱ ነገር ግን ልክ ነው፣ ከኔ ክፍል ሁለት ልጨምር። አንደኛው መሟሟትና መቅለጥ ነው። ጨው ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ ቅቤ እሳት ላይ ይቀልጣል። አንዱ አሟሚ ይፈልጋል፣ ሌላው ሙቀት። ልጆቼ በአማርኛ ሲያወሩ አይሳሳቱም፣ በእንግሊዝኛ ሲጽፉ ስኳሩን ሻይ ውስጥ ያቀልጡታል። ስለዚህ ይሄኛው ላይ አማርኛቸው ነው የሚያድናቸው። ሁለተኛው ላይ ግን አማርኛችንም ያሳስታል። ኮምጣጤ ቤኪንግ ሶዳ ላይ አደርግና «ምን ሆነ?» እላለሁ። «ፈላ!» ይላሉ ሁሉም። ቡናም ይፈላል፣ ጠላም ይፈላል፣ አረፋ ያለው ነገር ሁሉ ለኛ ፈላ ነው። «እስቲ ብርጭቆውን በእጃችሁ ያዙት» እላቸዋለሁ። ይቀዘቅዛል። ከፊት ወንበር ያለችው ልጅ እጇን መለሰች፣ ደግማ ያዘችው፣ ከዚያ ለጎረቤቷ ሰጠቻት፣ ብርጭቆው ክፍሉን ዞሮ ነው የተመለሰልኝ። ያኔ «አረፋ ወጣ፣ ጋዝ ወጣ» ማለት ጀመሩ። እኔ ቃል አላስተማርኳቸውም፣ የቀዘቀዘ እጃቸው ነው ያስተማራቸው።

አመልካች የምንለውን ኢንዲኬተር ደግሞ ገንዘብ ሲጠፋ በከርከዴ ነው የምሠራው። ዘፍዝፌ ቀዩን ውሃ እይዛለሁ፣ ኮምጣጤ ሲገባበት ቀይነቱ ይደምቃል፣ የአመድ ውሃ ሲገባበት ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። አመዱ ከተማሪዎቹ ቤት ነው የሚመጣው። አልካሊ የሚለውም ቃል የተክል አመድ ከሚል ዓረብኛ ነው የወጣው፣ አልኮል ደግሞ ከኩል፣ እናቶቻችን ዓይናቸውን ከሚኳሉት ኩል። መጀመሪያ የላመው ዱቄት ስም ነበር፣ ኋላ ላይ ለረቂቅ ነገር ሁሉ ተባለ፣ መጨረሻ ላይ ለሚጠጣው ቀረ። እንግሊዝኛ ብቻ ነው ያልከው ቋንቋ ጓዳው የኛ ጎረቤት ነው ሞል በሊትር።

ስሞች ላይ የሚያስጨንቀኝ አንድ ብቻ ነው፣ እርሳስ። «እርሳስ መርዝ ነው» ስል ከኋላ አንድ ልጅ የሚያኝከውን እርሳስ ከአፉ አወጣ። መጻፊያው ግራፋይት ነው፣ ካርቦን፣ ብረቱ እርሳስ ውስጡ የለም። እዚያ ላይ ሌድ እላለሁ፣ ግዴለም።

የኮቺው ጀማሪ፦

ጋሼ፣ ቶና፣ ቲቸር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሞል በሊትርም አመሰግናለሁ፣ አንተ ባትጀምረው ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። አሲድ ስንበርዝ አለቃዬ «አሲዱን ወደ ውሃው» ብላ ትጮሃለች። እጄን ጠብቃ ነው የምትጮኸው። ቅደም ተከተሉ ለምንድነው? ሁለቱም መጨረሻ ላይ አንድ ዕቃ ውስጥ አይደለም እንዴ የሚገቡት?

ጡረተኛው ቴክኒሻን፦

ትጩህ ልጄ፣ ትጩህ። ሰልፈሪክ አሲድ ከውሃ ሁለት እጥፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረውም በክብደት። ውሃውን ከላይ ብትጨምርበት ውሃው ከላይ ይንሳፈፋል፣ ሁለቱ የሚነካኩበት ቦታ ላይ ያ ሁሉ ሙቀት በአንዴ ይወጣል፣ ውሃው እዚያው ይፈላና አሲዱን ይዞ ፊትህ ላይ ይፈናጠራል። የጋለ ዘይት ላይ ውሃ ጠብ ሲል አይተህ የለ። አሲዱን ወደ ብዙ ውሃ በቀስታ ስታንቆረቁር ግን እየሰመጠ ይቀላቀላል፣ ሙቀቱን ውሃው ይሸከመዋል። እያማሰልክ፣ በቀስታ፣ መነጽር አድርገህ። «ጨምር» ሲባል ምን ወደ ምን እንደሆነ ያልተነገረህ ጊዜ አትጨምር፣ ቆመህ ጠይቅ። ማንም ቢቆጣህ ይቆጣ።

ፒፔትም በአፍህ አትሳብ። እኛ በአፋችን ስበን ነው የኖርነው፣ ጥርሴን ብታየው ይገባሃል። የላስቲክ ኳስ አለልህ። ጫፉ ላይ የምትቀረዋንም ጠብታ እፍ አትበልባት፣ የተለካው እሷን ትቶ ነው፣ እፍ የሚባልባቸው ሌሎች ናቸው፣ እነሱ ላይ ምልክት አለ።

ቶና፦

ጋሼ ጥርሱን አንጠይቅም 😂

የኮቺው፣ በቡሬት ስታነብ ደግሞ ጎንበስ በል እሺ? ዓይንህ ከመስመሩ እኩል ካልሆነ በየቀኑ የተለያየ ቁጥር ታነባለህ፣ ውሃው መሃሉ ጎድጎድ ይላል፣ የጎድጓዳውን ታች ነው የምታነበው። ሜኒስከስ ይሉታል፣ ግሪኮቹ ትንሿ ጨረቃ ማለታቸው ነው። እኔ «ጨረቃዋ ስንት ላይ ናት?» ነው የምለው፣ እስካሁን ያልገባው ሰው የለም።

ሞል በሊትር፦

ጨረቃዋን ሰርቄያለሁ፣ ነገ ላብ አለኝ።

የኮቺው ጀማሪ፦

ከአራት ቀን በኋላ ተመለስኩ። ሪፖርት ልስጣችሁ።

ሰኞ ጠዋት ቀድሜ ገባሁና ወረቀት ለጠፍኩ። ማጣሪያው ላይ «የሚጠጣ» ብዬ ጻፍኩ፣ ትልቁ የፕላስቲክ ጀሪካን ላይ «የተነጠረ ውሃ፣ አይጠጣም፣ አይነካም»። በማርከር፣ በትልቁ። አለቃዬ ገባች፣ ጋውኗን እየለበሰች አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው። እኔ ልቤ ቆሟል። «ምንድነው ይሄ፣ ቅቤ ነው እንዴ?» አለችኝ። የጋሼን ነገር አስረዳኋት፣ እስከ አንጥረኛው ድረስ። ዝም ብላ ሰማችኝ። «አረቄውንም ነገሩህ?» አለችኝ። ለካ የሷም አያት ታወጣ ነበር።

ወረቀቱን አላነሳችውም። ከሰዓት ላይ ሲልቨር ናይትሬቱን እንደገና ስንሠራ «የተነጠረውን አምጣ» አለችኝ፣ አመጣሁ፣ ጨመረችው፣ ሁለታችንም ብልቃጡ ላይ አፍጥጠን ቆምን። ጥርት እንዳለ ቀረ። ወደ ቡናማው ጠርሙስ ገለበጥነው፣ ክዳኑን ዘጋሁ፣ ቀኑን ጻፍኩበት። በዚህኛው ጊዜ ጓንት አድርጌያለሁ።

ጣቴ ግን እስካሁን ጥቁር ነው፣ እናቴም አልለቀቀችኝም፣ ትናንት ደግሞ «ማናት ልጅቷ?» ብላኛለች።